አባ መላ እና ቃላቸው ያልተሰማው ተከሳሽ

ከአምቦ ወደ ወሊሶ የሚጓዝ ሰው የወንጪን ተራራ ወጥቶ ሐይቁን ቁልቁል ካየ በኋላ የሚገባበት አገር ጨቦ ይባላል። ዛሬ ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል እንጂ፣ ወሊሶና ወንጪ ቀድሞ ከአምቦ፣ ከጉደርና ከግንጪ ጋር በአንድ ምዕራብ ሸዋ ሥር ነበሩ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የተወለዱት በዚህ በጨቦ ምድር፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። የፈረስ ስማቸው አባ መቻል ነበር። ሕዝቡ ግን ከዚያ ይልቅ በፍርድ ችሎታቸው ያወጣላቸውን ስም ይዞ ቀርቷል፤ አባ መላ።

የአንድ ክርስቲያን የጦር ሚኒስትር ታሪክ እኛን ሙስሊሞችን ምን ይመለከተናል የሚል አንባቢ አይጠፋም። እንዲያውም በቅርብ ይመለከተናል። በአገራችን ታሪክ ሙስሊም መሆን ወይም ሙስሊም መምሰል ራሱ ክስ ሆኖ ከቀረበባቸው ቀኖች ዋናው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን በቤተ መንግሥቱ ከነበሩት ታላላቅ ሰዎች መካከል በዳኝነት ከእሳቸው የበለጠ የተመሰገነ አልነበረም። ሕይወታቸውን የምንተርከው ለመወንጀል ወይም ለማሞገስ አይደለም። ሁለቱን ወገን ሰምቶ በመፍረድ ስሙ የገነነ ሰው፣ ከሁሉም የከበደው ጉዳይ ሲመጣ እንዴት አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አለፈ የሚለው ጥያቄ ግን ልንሸሸው የማይገባ ነው።

ሀብተ ጊዮርጊስ ከኦሮሞና ከጉራጌ ወገን ናቸው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ጦራቸው ወደ ጨቦ ሲዘምት፣ ልጁ ከተማረኩት መካከል ነበሩ። ምርኮኛ ልጅ በዚያ ዘመን ዕጣው ብዙ ዓይነት ነው፤ የእሳቸው ዕጣ ወደ ምኒልክ ቤት መግባት ሆነ። ክርስትና ተነሥተው፣ በቤተ መንግሥት አድገው፣ በውትድርና ደረጃ በደረጃ ከፍ አሉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ዘምተዋል። ፊታውራሪ ገበየሁ በዚያ ጦርነት ሲወድቁ፣ ማዕረጉና ኃላፊነቱ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ተላለፈ። ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብ ዘምተው ቦረናን በምኒልክ ግዛት ሥር አስገቡ። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱ የእሳቸው ሆነ።

ተማርኮ የመጣ የጨቦ ልጅ የአገሪቱን ጦር አዛዥ መሆኑ ብዙ ጊዜ እንደ ተአምር ይነገራል። እውነትም አስደናቂ ነው። ነገር ግን ያደጉበት ቤት ያስገበረው አገር የእሳቸው የራሳቸው አገር መሆኑን አብረን ብንናገር ታሪኩ ይሟላል። በጨቦም ሆነ በአምቦ ዙሪያ ገበሬው ለመልከኛ ገባር ሆኖ ነበር። መልከኛው ግብር ይሰበስባል፣ ጉልበት ያሠራል፣ ዳኝነትም ይቀመጣል። ገባሩ አቤቱታ ቢኖረው መጀመሪያ የሚያቀርበው ለዚያው ለበደለው ሰው ነው። ወደ ላይ ይግባኝ የማለት መንገድ በስም ነበር፤ ከአገረ ገዢው ወደ አፈ ንጉሡ፣ ከአፈ ንጉሡ ወደ ዙፋን ችሎት። ከጅባትና ሜጫ ተራሮች ተነሥቶ ስንቁን ቋጥሮ አዲስ አበባ ድረስ የሚዘልቅ ገባር ግን ስንቱ ነበር?

ያም ሆኖ የዘመኑን ፍርድ ሥርዓት የለሽ ነበር ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ቆመው በላ ልበልሃ እየተባባሉ ይሟገቱ ነበር። ማንኛውም መንገደኛ ሁለት ተጣይዎች ዳኘን ሲሉት ቆሞ ሊሰማቸው ይገባ ነበር። ተሟጋቹ በማር ወይም በበቅሎ እየተወራረደ ነገሩን ያጠብቃል፤ ዋስ ይጠራል፤ ምስክር ይቆጥራል። ዋስ ያጣ ተከሳሽ ደግሞ ከከሳሹ ጋር በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቆራኝቶ ዳኛ እስኪገኝ ይንከራተታል። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ለሌብነት የተጠረጠረን ሰው ለማግኘት ደግሞ መድኃኒት ያጠጡት ልጅ እየመራ የሚሄድበት የሌባ ሻይ ልማድ ነበር፤ ልጁ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። በጎና ክፉ የተደባለቀበት ሥርዓት ነው። ከበጎው ወገን ትልቁ ነገር ግን ተከሳሽ በአፉ የመናገር መብት ያለው መሆኑ ነበር። በሸዋ ገበሬ ዘንድ ሙግት ማለት መናገር ማለት ነበር።

ሀብተ ጊዮርጊስ ስም ያተረፉት በዚህ ዓለም ውስጥ ነው። በችሎት ሲቀመጡ ነገሩን ከሥሩ የሚመረምሩ፣ በንግግር ቅልጥፍና የማይታለሉ ተብለው ይመሰገኑ ነበር። በስማቸው ከሚተረኩት ፍርዶች አንዱን ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። አንድ ሰው ከዛፍ ላይ ወድቆ ከሥር የነበረውን ሌላ ሰው ገደለ። የሟች ወገኖች የደም ካሳ አንቀበልም፣ ነፍስ በነፍስ ይመለስልን ብለው ድርቅ አሉ። ዳኛው መብታቸውን አልነፈጓቸውም። ገዳዩ ከዛፉ ሥር ይቀመጥ፣ ከእናንተ አንዱ ዛፉ ላይ ይውጣና ወድቆበት ይግደለው ብለው ፈረዱ። የሚወጣ ጠፋ፤ ካሳውን ተቀበሉ። ይህ ተረት ስለ ሌሎች ዳኞችም የሚነገር ነው። ሕዝቡ በሀብተ ጊዮርጊስ ስም ማኖሩ ግን ከዳኝነታቸው ምን ይጠብቅ እንደነበር ይነግረናል። አንደኛው ወገን ስለጮኸ አይፈረድለትም፤ ሌላውም ስለደነገጠ አይፈረድበትም።

እኛ ሙስሊሞች ይህን የፍርድ መንፈስ እንግዳ አድርገን አናየውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐሊይን (ረ.ዐ) ለዳኝነት ወደ የመን ሲልኳቸው፣ ሁለት ባለጉዳዮች ፊታቸው ሲቀርቡ የሁለተኛውን ቃል ሳይሰሙ ለመጀመሪያው እንዳይፈርዱ አስተምረዋቸዋል። ማስረጃ የማቅረቡ ግዴታ የከሳሹ መሆኑም በሸሪዓ የታወቀ ነው። ዐሊይ ራሳቸው ኸሊፋ በነበሩ ጊዜ በጠፋባቸው ጥሩር ምክንያት ከአንድ ሙስሊም ካልሆነ ሰው ጋር በቃዲ ሹረይሕ ፊት መቆማቸውና ምስክራቸው ስላልተሟላ ተረትተው መመለሳቸው በታሪክ መጻሕፍት ይተረካል። የአገሪቱ መሪ በሾመው ዳኛ ፊት ቆሞ የተረታበት ታሪክ ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ምኒልክ ታመው በተኙባቸው ዓመታት ሀብተ ጊዮርጊስ የሸዋ መኳንንት ምሰሶ ሆኑ። በ1902 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ሲገለሉ ከገላዮቹ ወገን ነበሩ። የልጅ ኢያሱ እንደራሴ ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱና ራስ አባተ ቤተ መንግሥቱን ለመያዝ ሲነሡ፣ ፊት ለፊት ከቆሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ምኒልክ የልጅ ልጃቸውን ኢያሱን ወራሽ ሲያደርጉ ይህን አደራ የካደ የተረገመ ይሁን ብለው በዐዋጅ አስነግረው ነበር። መኳንንቱ ሁሉ በዚያ ቃል ታስረዋል፤ ሀብተ ጊዮርጊስም ጭምር።

ልጅ ኢያሱ የራስ ሚካኤልና የወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክ ልጅ ናቸው። አባታቸው በትውልድ ስማቸው መሐመድ ዐሊ ይባሉ ነበር፤ የወሎ ኢማም ልጅና ራሳቸውም ኢማም ነበሩ፤ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ በኋላ ነው ክርስትና የተነሡት። ስለዚህ ኢያሱ በአንድ ወገን የምኒልክ፣ በሌላው የወሎ ኢማሞች ደም ነበራቸው። በወጣትነታቸው ወደ ሐረር፣ ወደ አፋርና ወደ ሶማሌ ምድር አዘውትረው ይጓዙ፣ ከሙስሊም ባላባቶች ቤት ሚስት ያገቡ፣ ሙስሊሞችን ይሾሙ፣ መስጊድ ያሠሩና ይጎበኙ ነበር። የቀጨኔ መድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩትም እሳቸው ናቸው፤ ይህኛው በክሱ ውስጥ አልተነሣም። በፖለቲካ ብስለታቸው ላይ የሚነሣው ወቀሳ ሰፊ ነው፤ ከከተማ ርቀው መክረማቸውና ታላላቆቹን መናቃቸው ሐሰት አይደለም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ቁራኛ የሚባለውን የማሰር ልማድ ለመለወጥና የሌባ ሻይን አሠራር ለማሻሻል እርምጃ ከወሰዱት አንዱ ልጅ ኢያሱ ነበሩ። የመንግሥት ንብረት እንዲመረመርና የከተማ ፖሊስ እንዲቋቋምም አድርገዋል። ገና ያልተፈረደበትን ሰው ከባላጋራው ጋር በሰንሰለት ማሰር ትክክል አይደለም ብሎ ያሰበ ወጣት መሪ፣ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ያልተሰማ ተከሳሽ ሆነ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን እንዲሁም ከእንግሊዝ ጋር ይዋጉ ወደነበሩት ወደ ሰይድ መሐመድ ዐብዱላህ ሐሰን አጋድለዋል የሚል ስጋት በረታ። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን መልእክተኞች በጳጉሜ 1908 ዓ.ም. በአንድነት አቤቱታ አቀረቡ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የሸዋ መኳንንት ምክር ያዙ። ልጅ ኢያሱ በዚያ ሰዓት በሐረርጌ ነበሩ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ዕለት፣ መኳንንቱ፣ ካህናቱና ሠራዊቱ በቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። ክሱ ተነበበ። ሰልመዋል፤ መስጊድ ገብተዋል፤ የሙስሊም ልብስ ለብሰዋል፤ የዘር ሐረጋቸውን ከነቢዩ ቤተሰብ ቆጥረዋል፤ የእስልምና ጽሑፍ ያለበት ሰንደቅ ዓላማ ሰጥተዋል ተባለ። ኢያሱን በሙስሊም ልብስ ያሳያሉ የተባሉ ፎቶግራፎችም ሲዘዋወሩ ነበር፤ ፎቶግራፎቹ ተቀነባብረው የተሠሩ ናቸው የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ተሻሩ፤ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ደጃዝማች ተፈሪ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ሀብተ ጊዮርጊስ የዚህ ሁሉ አንዱ ምሰሶ ነበሩ።

ተከሳሹ አልተጠሩም። ጠበቃ አልቆመላቸውም። ፎቶግራፉን ማን አነሣው፣ መቼ፣ የት ብሎ የጠየቀ ዳኛ አልነበረም። ሰንደቅ ዓላማውን ማን ሰጠ፣ ለማን፣ ማን አየ ተብሎ ምስክር አልተመረመረም። ከሳሾቹ፣ ዳኞቹና ከፍርዱ የሚጠቀሙት ያው ሰዎች ነበሩ። ሁለት ገበሬዎች ስለ አንድ በሬ ቢካሰሱ ከሳሹን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ በአባ መላ ፊት ምን ያህል በተገሠጸ ነበር!

እርግጥ ነው፣ በዚያ ዘመን ሕግ የኢትዮጵያ ንጉሥ ክርስቲያን መሆን ነበረበት። ስለዚህ ክሱ እውነት ሆኖ ቢገኝ ለመሻር በቂ ነው ብለው ያመኑ ሰዎችን ዛሬ ባለን መለኪያ ብቻ አንመዝናቸውም። ጥያቄያችን ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ እውነት ሆኖ ተገኝቷል ወይ? ማንስ መረመረው? ሃይማኖት ለመለወጡ ማስረጃው ምንድን ነው? ልብስ ነው? ጋብቻ ነው? ከሙስሊሞች ጋር መብላት ነው? እንዲህ ያለ ነገር ሳይመረመር ከታለፈ፣ ጉዳቱ በአንድ መስፍን ላይ አያቆምም። ሙስሊም መምሰል በራሱ ጥፋት ነው የሚል ትርጉም ወደ ሕዝቡ ይወርዳል። ወረደም። የመሻሩ ዜና ሐረር ሲደርስ በከተማይቱ የነበሩ ሙስሊሞች፣ በተለይ ሶማሌዎች፣ ተገድለዋል። እነሱን የከሰሰ እንኳ አልነበረም።

ለሀብተ ጊዮርጊስ የሚከራከሩ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት አለ። ጊዜው ጦርነት ነበር፤ ኢያሱ ጦር ይዘው በሐረርጌ ነበሩ፤ ና ተናገር ብሎ መጥራት አገሪቱን ወደ እርስ በርስ ጦርነት መክተት ነው ይላሉ። ምክንያቱ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ሳይጠሯቸውም ጦርነቱ አልቀረም። ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትለው የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ ወደ ሸዋ ገሠገሡ። ጥቅምት 9 ቀን በቶራ መስክ ራስ ልዑል ሰገድ ከብዙ ጦራቸው ጋር ወደቁ። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ በሀብተ ጊዮርጊስ የሚመራው የሸዋ ጦር ድል አደረገ፤ ከሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። ንጉሥ ሚካኤል ተማርከው በጃን ሜዳ በተደረገው የድል ሰልፍ በሰንሰለት ታስረው እንዲያልፉ ተደረገ። በእስር ላይ እንዳሉም በ1911 ዓ.ም. መባቻ ላይ ሞቱ። አንድ ቀን የሚፈጅ የሙግት ቃል ተፈርቶ የተከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

ይህን ስናስብ የራሳችን የሐበሻ ታሪክ ፊታችን ይደቀናል። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ የተሰደዱት ሶሓባዎች ወደ አክሱም ሲመጡ፣ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ላኩ። መልእክተኞቹ አስቀድመው ለንጉሡ ሹማምንት ስጦታ ሰጡ፤ ሹማምንቱም ስደተኞቹ ቃላቸው ሳይጠየቅ ተላልፈው እንዲሰጡ ደገፉ። ነጃሺ አልተቀበሉም። ስደተኞቹ ተጠርተው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ቆመው ተናገሩ። በማግሥቱ መልእክተኞቹ በሃይማኖት የሚያስቆጣ አዲስ ክስ ይዘው መጡ፤ እነዚህ ሰዎች ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ከባድ ነገር ይናገራሉ አሉ። ነጃሺ ዳግመኛ ጠርተው ሰሙ። ከዚያ በኋላ ስጦታውን መለሱ። በ1909 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበረው ሁኔታ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ የውጭ መልእክተኞች አቤቱታ፣ የሃይማኖት ክስ፣ አንድ ቃል የሆኑ ሹማምንት። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልስማው የሚል ሰው።

የሀብተ ጊዮርጊስ የኋላ ዓመታት በሥልጣን የተሞሉ ናቸው። በ1910 ዓ.ም. መሀል ሰፋሪው ሠራዊት ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ ይሻሩልን ብሎ ሲጮኽ፣ የእያንዳንዱ ጥፋት ሳይለይ ሁሉም በጅምላ ከሹመት ወረዱ፤ የቀሩት ሀብተ ጊዮርጊስ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ በንግሥቲቱና በአልጋ ወራሹ መካከል ሚዛን ሆነው ኖሩ። አዲስ ነገር ሲመጣ የሚጠራጠሩ፣ የድሮው ሥርዓት እንዳይናጋ የሚጠነቀቁ ሰው ነበሩ። አገሪቱ ውስጥ ያለ እሳቸው ፈቃድ የሚንቀሳቀስ ትልቅ ነገር ጥቂት ነበር።

በእኛ አስተያየት የሀብተ ጊዮርጊስ ታሪክ ትልቁ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ጥበብ አላነሳቸውም፤ ስለ ፍርድም ከማንም ይበልጥ ያውቁ ነበር። ነገር ግን በዘመናቸው ፍትሕ የዳኛው ጠባይ እንጂ የተከሳሹ መብት አልነበረም። ዳኛው መስማት ሲፈልግ ይሰማል፤ መስማት ሲከብደው አይሰማም፤ ለምን አልሰማህም ብሎ የሚጠይቀው ሕግ ከበላዩ የለም። በገበሬዎች በሬ ላይ መስማት ቀላል ነው። ዙፋን፣ ሃይማኖትና የባዕድ መንግሥታት ፍላጎት በአንድ ቀን ሲገናኙ ግን ጆሮን ክፍት አድርጎ ለመያዝ የግል ጥበብ ብቻ አይበቃም።

ዛሬ በወረቀት ላይ ያለን የተሻለ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ ተብሎ እስኪፈረድበት ንጹሕ ሆኖ እንዲገመት፣ የቀረበበትን ማስረጃ እንዲያይ፣ ምስክሮችን እንዲጠይቅና ጠበቃ እንዲያቆም ይደነግጋል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በ1992 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 188 በፌዴራል ደረጃ በሕግ ተደራጅተዋል፤ ባለጉዳዩ ፈቅዶ ካልሆነ እዚያ እንዳይዳኝም ተደንግጓል፤ ይህም ራሱ የፍትሕ ጥበቃ ነው። ነገር ግን ማኅበረሰባችን ሌላም ነገር ያስታውሳል። በ2004 ዓ.ም. የተያዙት የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ጉዳይ ገና በፍርድ ቤት እየታየ ሳለ፣ በ2005 ዓ.ም. በመንግሥት ቴሌቪዥን ጅሃዳዊ ሐረካት የተባለ ፊልም ተላለፈ። ችሎቱ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት አገር ሁሉ ፍርዱን በሳሎኑ አየ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኮሚቴው አባላትና አብረዋቸው በተከሰሱት ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተበየነ፤ ሁሉም ከዓመታት በኋላ ተፈትተዋል። ፎቶግራፉ ወደ ፊልም ተለወጠ እንጂ የ1909ኙ አካሄድ ያው ነበር። የአምቦ ሰውም ይህን ከእኛ መማር አያስፈልገውም፤ ከ2006 ዓ.ም. የማስተር ፕላን ተቃውሞ ጀምሮ ልጁ የት እንደታሰረ ሳይነገረው የሚንከራተት ወላጅ በከተማይቱ ታይቷል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዋቄፈታውም በዚያ ደጅ አብረው ቆመዋል።

ልጅ ኢያሱ ከሰገሌ በኋላ ለዓመታት በአፋርና በትግራይ ሲንከራተቱ ቆይተው በ1913 ዓ.ም. ተያዙ። በፍቼ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ታሰሩ። ኅዳር 1919 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አቡነ ማቴዎስ ዐረፉ፤ ጥቂት ቀናት ቆይተው በታኅሣሥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ተከተሏቸው። ጦራቸው ለራስ ተፈሪ ሆነ፤ የድሮው ሥርዓት የመጨረሻ ትልቅ ግንብ ወደቀ። ከመሐላ የፈቱት ጳጳስና በፍርድ የተመሰገኑት የጦር ሚኒስትር በአንድ ወር ውስጥ ሲሞቱ፣ የፈረዱባቸው ሰው ፍቼ ላይ ስድስተኛ የእስር ዓመታቸውን ይቆጥሩ ነበር።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ታወጀ። ከሕግ ውጭ ማንም እንደማይታሰር፣ በሕግ በተቋቋመ ዳኛ ፊት የመዳኘት መብቱንም ማንም ሰው እንደማይነፈግ ተጻፈበት። ልጅ ኢያሱ ያን ቀን በእስር ነበሩ፤ ችሎት አልቀረቡም። በግንቦት 1924 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ጎጃም ተሻገሩ፤ ብዙ ሳይቆዩ ተያዙና ወደ ሐረርጌ፣ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ። ኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ወደ አገሪቱ በገባባቸው ሳምንታት እዚያው ሞቱ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የተነበበው ክስ ከተነበበ 19 ዓመት አልፎታል፤ ቃላቸውን የተቀበለ ዳኛ ግን አልነበረም።